ቀድሞ የገባው ጥሩምባ

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ የሚያውቀው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። እሷንም ቢሆን በቅጡ አይዛትም፤ ይጀምራትና መሐል ላይ ትሰበርበታለች። ጋሽ አስማረ በሕይወት ሳሉ ይህን ጥሩምባ በሰሙ ቁጥር ማን እንደ ሞተ ከመጠየቃቸው በፊት ነፊውን ያሙት ነበር። «ሳይተነፍስ እኮ ነው የሚነፋው» ይላሉ። «እኔ የሞትሁ ዕለት አደራህን ቀደም ብለህ ሂድና መጀመሪያ አየር ሳብ አድርግ በለው።» እኔም እሺ እላለሁ። እንዲህ ያለውን አደራ ማን ቁም ነገር ብሎ ይይዘዋል?

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማለዳ መድኃኒት ቤቴን ለመክፈት ስወጣ ጥሩምባው ተሰማ። ጀመረና እንደ ልማዱ መሐል ላይ ተሰበረ። «ሳይተነፍስ እኮ ነው» አልሁ ለራሴ፣ ሳላስበው የእሳቸውን ድምፅ እያስመሰልሁ። ከዚያ ነፊው ጥሩምባውን ከአፉ አውርዶ ተጣራ። «እድርተኞች ስሙ፤ አቶ አስማረ ዐርፈዋል፤ ቀብራቸው በስድስት ሰዓት ቁስቋም ነው።» አደራዬን ሳልወጣ ቀረሁ። ቁልፉን እንደያዝሁ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ መድኃኒት ቤቱንም ያን ቀን አልከፈትሁም።

ጋሽ አስማረ ረዥም፣ ቀጭን፣ በጋ ከክረምት ቡናማ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ተወልደው በልጅነታቸው ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ዜማ ሊማሩ ቁስቋም መጡ። ወንድምየው እዚያው ጸንተው መሪጌታ ሲሆኑ ጋሽ አስማረ ግን ጥለው ወጡና በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ትሮምቦን ነፊ ሆኑ። ሠራዊቱ ሲበተን ተመልሰው በከተማችን ፒያሳ አንድ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ሰዓትና ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖሩ። ሚስት አላገቡም። የእጃቸውን ሁሉ የጨረሱት ርካሽ የፈረንጅ ክላሲካል ሲዲ በመሰብሰብ ነው። ርካሽ የምለው እሳቸውን ለማማት አይደለም፤ ራሳቸው ውድ ሲዲ ቤቴ አይገባም ይሉ ስለ ነበር ነው።

እኔ ክላሲካል ሙዚቃ መስማት የጀመርሁት ወድጄው አይደለም። ተመርቄ መድኃኒት ቤቱን የከፈትሁ ሰሞን አንድ ሐኪም እቤታቸው ምሳ ጋበዙኝ። ከምሳ በኋላ ሐኪሙ ሲዲ አስገቡና እግራቸውን አነባብረው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሙዚቃው ለእኔ ምንም አላለኝም፤ አጨፋፈናቸው ግን ልቤን ወሰደው። የሰለጠነ ሰው ማለት ይሄ ነው አልሁ። ብዙም ሳልቆይ አዲስ አበባ ሰው ልኬ፣ ከሱቁ ውድ ውዱን ምረጥ ብዬ፣ ጥቂት ሲዲዎች አስገዛሁ። ሁሉም ሽፋናቸው ላይ ዓይኑን የጨፈነና ፀጉሩን ያጎፈረ ፈረንጅ ነበረባቸው። እኔም መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ከፍ አድርጌ እከፍትና ደንበኛ ሲገባ ዓይኔን እጨፍን ጀመር። አንዳንዴ በዚያው እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ቀስቅሰውኝ መድኃኒት የገዙ ሰዎች አሉ።

ጋሽ አስማረ የግፊት መድኃኒት ሊገዙ ገብተው ያገኙኝ እንደዚህ ሆኜ ነው። ሲዲውን ከባንኮኒው ላይ አነሡና ሽፋኑን አዩት።

«ምነው ሰውየው አሞታል?» አሉኝ።

«የኦርኬስትራው መሪ ናቸው ጋሼ። በዓለም የታወቁ ናቸው።»

«ታዲያ መሪ ዓይኑን ከጨፈነ ተመሪዎቹ ማንን ይዩ?»

መድኃኒታቸውን አወጣሁ። ካርቶኑን እያገላበጡ፣ «ባለፈው ይሄን ስትሰጠኝ ምን አልኸኝ?» አሉ።

«ምን አልሁ?»

«ርካሹን ውሰዱ፤ ውስጡ አንድ ነው፤ የሚለየው ስሙና ካርቶኑ ነው አላልኸኝም?»

«ብያለሁ።»

«ለእኔ ውስጡን ትሸጣለህ፤ ለራስህ ካርቶኑን ትገዛለህ» ብለው ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ወጡ። በሩ ላይ ዘወር አሉና፣ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ና፤ ነጮቹን አሰማሃለሁ» አሉኝ።

ነጮቹ ማለት ሲዲዎቹ ናቸው። አንድ ርካሽ ማተሚያ በየጊዜው ያወጣቸው፣ ሽፋናቸው ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ነጭ ላይ ከግርጌው ሰማያዊ መስመር ብቻ ያለባቸው። የሰው ፊት የለባቸውም። የሚጫወቱት ስማቸውን ሁለታችንም ማንበብ ያቃተን የሩቅ ከተማ የሬዲዮ ጣቢያ ኦርኬስትራዎች ናቸው። ጋሽ አስማረ፣ አዲስ አበባ ያገለገለ መጽሐፍ ከሚሸጡ ሰዎች በሹፌር እያስመጡ፣ ግድግዳውን ሞልተውታል። ከተማይቱ ጀርመን አገር ናት ብለው ድርቅ ይሉ ነበር። ኋላ ካርታ አምጥቼ፣ ጀርመን ሳትሆን ከዚያ እጅግ ወዲህ መሆኗን ባሳያቸው፣ ካርታውን ለረዥም ጊዜ አዩና «ካርታም ይሳሳታል» አሉኝ።

ቤታቸው ውስጥ ሁለት ወንበር ነበር። በአንዱ እሳቸው ተቀመጡ፤ ትራስ የተደረገበትን ሁለተኛውን እኔ ልይዝ ስል ክንዴን ያዙኝ። «እሱ የመሪጌታ ነው» አሉ። መሪጌታ ያሉት ወንድማቸውን ነው። ይመጣሉ እንዴ ብዬ በሩን አየሁ። «አይመጡም» አሉ ጋሽ አስማረ። «ከሠራዊቱ ከተመለስሁ ወዲህ ወደዚህ ቤት እግራቸውን አላነሡም። የሚመጡ ዕለት ግን መቀመጫ ፈልጉልኝ ሊሉ አይገባም።» እኔን የወታደር ሳጥናቸው ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያች እሑድ ጀምሮ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ፣ ሚስት አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ ፀጉሬ ሸብቶ፣ ክላሲካል ሙዚቃ የሰማሁት የወታደር ሳጥን ላይ ተቀምጬ ነው።

ሲዲ እንዴት እንደሚመረጥ የነገሩኝን ሁሉ ብጽፍ ማለቂያ የለውም። ዋናው ነገራቸው ይሄ ነበር፦ ሀብታሞቹ ሲቀዱ ደጋግመው ይቀዱና ስህተታቸውን ቆርጠው ያወጡታል፤ ድሆቹ ግን ለመድገም አቅም ስለሌላቸው አንዴ ነው የሚመቱት። «እንደ ማኅሌት» ይላሉ። «ማኅሌት ላይ ቆይ ይሄን እንቁረጠው ይባላል? የወጣው ወጣ ነው።» ስለዚህ በነጮቹ ውስጥ ሳል ይሰማል፤ ወንበር ይንቋቋል፤ አንዱ ቫዮሊን ወረቀት ሲገልጥ ይሰማል። እኔ እነዚህን ስሰማ በኀፍረት እሸማቀቃለሁ፤ እሳቸው ዘመድ እንዳገኘ ሰው ፈገግ ይላሉ። ዘፋኝ ሴት ያለችበትን ግን ነጭም ቢሆን አይወዱም ነበር። ድምፁን ቀንሰው፣ «ይህቺ ሴት ታማለች፤ አንተ መድኃኒት አዋቂው ምን ትላለህ?» ይሉኛል።

አንድ ጊዜ ነጮቹ ጉድ ሠርተውኛል። ላገባ ስል የሠርግ ማርሽ የሚል ነጭ ሲዲ በራሴ አስመጣሁ። ነጭ ነው ብዬ ስለታመንሁ አልሞከርሁትም። ሙሽራዬን ይዤ ወደ አዳራሹ ስገባ ሙዚቃው ተከፈተ፤ ከባድ ነው፣ ቀስ ይላል፣ እኔም ቀስ እያልሁ ተራመድሁ። አማቴ «እንዲህ ያለ ሸጋ ሙዚቃ» እያሉ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ጋሽ አስማረ ከኋላ ወንበር ብድግ አሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። የእኔ ወገን፣ የክላሲካል ሥርዓት መስሎት፣ እሳቸውን አይቶ በሙሉ ብድግ አለ። ምሳ ላይ ጠጋ ብለው፣ «የቀብር ማርሽ ነው፤ ለጄኔራሎች እንነፋው ነበር» አሉኝ።

«ምነው ታዲያ ያኔውኑ ቢነግሩኝ?»

«ሬሳ እያለፈ ይወራል እንዴ?»

ሽፋኑን ያተሙት ሰዎች ተሳስተው ነው። ጋሽ አስማረ ግን ጥፋቱን በእኔ ነው የደፈደፉት፤ ውስጡን ስማ እንጂ ሽፋኑን አንብብ ያለህ ማን ነው አሉ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ስንጣላ፣ «እኔ እኮ ገና ስገባ ነው የተቀበርሁት» ትለኛለች።

ሌላው ጉዳቸው ጾም ነው። አንድ ሁዳዴ፣ እጅግ ውድ የሆነ አዲስ ሲዲ በስጦታ ይዤላቸው ሄድሁ። ልባቸውን ላሸንፍ ነበር አሳቤ። ተከፈተ፤ ገና ከመጀመሩ ከበሮው እንደ ነጎድጓድ ወረደ። ጋሽ አስማረ ከወንበራቸው ተወርውረው ጥፍት አደረጉትና፣ «ቅቤ አለበት» አሉ። እኔ የምበላው ነገር ሰጥተውኝ እንደሆን እጄን አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ፤ ዜማው በመቋሚያ ብቻ ነው። ጋሽ አስማረ ማኅሌቱን ትተው ቢወጡም ማኅሌቱ እሳቸውን አልተዋቸውም። ቅበላ ሲደርስ ከበሮ ያለባቸውን ሲዲዎች በሙሉ ለቅመው በቦርሳ ያደርጉና ምስማር ላይ ይሰቅሏቸዋል። ከእኔ በሚወስዱት የቁስል ፕላስተር ላይ እየጻፉ በየሽፋኑ ለጥፈዋል፤ አንዱ «ዘጾም»፣ ሌላው «ዘፍስክ»። ሁዳዴን ሙሉ የሚሰማው አራት ሰዎች በባለ ክር መሣሪያ የሚጫወቱት ነው፤ ለጀማሪም ከዚያ የተሻለ የለም ይሉ ነበር። ፒያኖ አስቸገራቸው። ባለ ክር ነው፤ ግን በሠራዊቱ ክበብ አንዱን ከፍተው ውስጡ መዶሻ አይተዋል። «ፒያኖ እንደ ዓሣ ነው፤ የሚበላም አለ፣ የማይበላም አለ» ብለው ለየሰው ሕሊና ተዉት።

«ጋሼ፣ የሠሩት ፈረንጆች እኮ ሁዳዴን አያውቁም» አልኋቸው።

«እኔ አውቃለሁ» አሉኝ። ጉዳዩ ተዘጋ።

ከነጮቹ ሁሉ አንዲቱን አብልጠው ይወዱ ነበር። ሲምፎኒ ነው። ሦስተኛው ክፍል ላይ ቫዮሊኖቹ ዝቅ፣ ዝቅ ይሉና ሹክሹክታ ይሆናሉ፤ ከበሮው ከሥር ያጉረመርማል፤ ከዚያ ጥሩምባ ብቻውን ይገባል። በዚያች ሲዲ ላይ ጥሩምባው ተሳስቶ ቀድሞ ይገባል። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው የሚቀድመው፤ እኔ ጋሽ አስማረ ባይነግሩኝ ኖሮ ዕድሜ ልኬን አልሰማውም ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ስንደርስ ጋሽ አስማረ ወደ ማጫወቻው ጎንበስ ይሉና በቀስታ «አይዞህ» ይሉታል። አንድም ቀን አልተዉትም። አገሩን የማያውቁትን፣ ምናልባት ሞቶ ያበቃውን ጥሩምባ ነፊ ነው አይዞህ የሚሉት።

ለምን እንደሆነ የነገሩኝ እየሳቁ ነው። ተማሪ ሳሉ፣ በቁስቋም ንግሥ፣ ማኅሌት ላይ በግራ በኩል ቆመው ነበር። ተራው የቀኞቹ ነው። ልባቸው ሞቆ ቀድመው አነሡት። ከማዶ ከቆሙት መሐል ታላቅ ወንድማቸው «መልስ» አሏቸው፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ። ስህተት ማረም በማኅሌት ያለ ነው፤ ማንም ታርሞ ነው ሊቅ የሚሆነው። ጋሽ አስማረ ግን ያን ጊዜ ወጣት ነበሩ፤ ያረማቸውም ሌላ ሰው አልነበረም። ጸናጽሉን ግድግዳ ሥር አስቀምጠው ወጡ። «ሌላው ሰው ቸግሮት ወታደር ይሆናል፤ እኔ በዜማ ስህተት ሆንሁ» ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። መሪጌታም ማኅሌት ጥሎ ማርሽ የነፋ ወንድም ቤት አልገባም ብለው ቀሩ። ለቅሶ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው የሩቅ አማች ሰላምታ ነበር።

ጋሽ አስማረ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። መሪጌታ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያችን ጥሩምባ አንድ ጊዜ እንዲሰሙላቸው። ሌላ የተመኙት ነገር አላውቅም።

የዛሬ ዓመት ገደማ፣ ሁዳዴ እንደ ገባ፣ እግራቸው ያብጥ ጀመር። የሚወስዱት መድኃኒት በእኔ እጅ ስለሚያልፍ ልባቸው እየደከመ መሆኑን ከሐኪሙ ቀጥሎ የማውቅ እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን መድኃኒታቸውን ቤታቸው ሳደርስላቸው ባዶውን ወንበር እያዩ፣ «ቁስቋም ሄደህ መሪጌታን ትለምንልኛለህ?» አሉኝ።

ክራቫት አድርጌ ሄድሁ። ምን ሊረባኝ እንደሆነ አላውቅም። መሪጌታ ጥድ ሥር ተቀምጠው ተማሪ ያስቀጽላሉ፣ ዜማውን እያሉ ያስከትላሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊደል የዘለለውን ልጅ በጣታቸው እያቆሙ ይመልሳሉ። ሲጨርሱ እጅ ነሥቼ ቀረብሁ። መንገድ ላይ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ክላሲካል ሙዚቃ ዘፈን አለመሆኑን፣ የሰው ልጅ ሁሉ ቅርስ መሆኑን፣ ሌላም ሌላም ዘረዘርሁ። እስክጨርስ ታግሠው ሰሙኝ።

«ቃል አለው?» አሉኝ።

«የለውም መሪጌታ፤ መሣሪያ ብቻ ነው።»

«ቃል ከሌለው ምንድን ነው የሚለው?»

ስንት ዘመን ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «እንደ ሰሚው ነው» አልሁ።

«ቆመው ነው የሚሉት?»

«ተቀምጠው ነው።»

«ተቀምጠው» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉዳዬ የተበላሸ መሰለኝ። ቆይተው ግን ክራቫቴን ትተው ፊቴን አዩኝ። «አንተ ባለ መድኃኒቱ አይደለህም?»

«ነኝ መሪጌታ።»

«አስማረ ለሙዚቃ ጉዳይ ምነው ባለ መድኃኒት ላከ? ሌላ ሰው አጥቶ ነው?»

ያጠናሁት ንግግር ውስጥ ይሄ አልነበረም።

«ልቡ ነው?» አሉኝ።

«ልባቸው ነው።»

«እናታችንም በልብ ነው የሞተች» አሉ። መቋሚያቸውን አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ፋሲካ ይለፍ። እመጣለሁ በለው።»

ጋሽ አስማረ ይህን ሲሰሙ ወንበሩን ተነሥተው በመዳፋቸው ጠረጉት። እኔ ግን ጨነቀኝ። ፋሲካ ሩቅ ነው፤ የልባቸውን ነገር ደግሞ አውቀዋለሁ። «አሁኑኑ ይምጡ፤ ከዘጾም ሲዲዎቹ አንዱን እናሰማቸው» አልሁ።

«እኔ የማሰማው ጥሩምባውን ነው።»

«እንግዲያው ጥሩምባውን እናሰማቸው። ቢሆን ቢሆን ከበሮዋ ትንሽ ናት። እግዜር ይቅር ይላል።»

«እግዜርማ ይላል» አሉ ጋሽ አስማረ። «መሪጌታ ናቸው የማይሉት።»

በዚህ አልበቃኝም። ሊቅ ናቸውና ስህተት ያለበትን ከምናሰማቸው፣ እኔ ጋ ያለውን፣ ያንኑ ሲምፎኒ በታወቀ ኦርኬስትራ የተቀዳውን ላምጣ አልሁ። ጥሩምባው በቦታው ነው የሚገባው፣ ጥርት ያለ ነው አልሁ። ጋሽ አስማረ አተኩረው አዩኝ፤ እንዲያ በኀዘኔታ ያየኝ ሰው የለም።

«አንተ ይሄን ሁሉ ዘመን ሳጥን ላይ የተቀመጥኸው ለምንድን ነው?» አሉኝ።

ሁዳዴ እንዲያ ረዝሞብኝ አያውቅም። በየሁለት ቀኑ በሰበብ እየሄድሁ እግራቸውን አይ ነበር። ለፋሲካ ደረሱ። በዳግማይ ትንሣኤ ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ጥላቸውንና መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። እኔ መብራት ይጠፋል ብዬ የመኪና ባትሪ ከጋራዥ ተውሼ ተሸክሜ ስለሄድሁ ነጭ ሸሚዜ ጠቁሯል፤ መሪጌታ የጋራዥ ሠራተኛ ነው ብለው ሳይሆን አይቀርም ሰላም ያሉኝ። መብራቱ አልጠፋም።

ጋሽ አስማረ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከሠርጌ ወዲህ ራሳቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «አያ፣ እዚህ ተቀመጥ» አሉ። ይህን ሁሉ ዘመን መሪጌታ ሲሉ ነበር የማውቃቸው፤ እንደ ታናሽ ወንድም አያ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። መሪጌታ በወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ አስማረ ሲዲውን ሰጡኝ፤ እኔ አስገባሁላቸውና ሳጥኔ ላይ ተቀምጬ እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፈንሁ።

የመጀመሪያውና ሁለተኛው ክፍል አለፈ። ሦስተኛው ላይ ቫዮሊኖቹ ዝቅ ማለት ጀመሩ፤ ከበሮው አጉረመረመ፤ ጥሩምባው ገባ። «አይዞህ» አሉ ጋሽ አስማረ።

«ቀደመ» አሉ መሪጌታ ወዲያው።

«አዎ አያ፤ ቀደመ።»

«ማን አረመው?»

«ማንም አላረመው። ስማ፤ ያችን ድምፅ ይዞ ጠበቃቸው። ሲደርሱበት አብረው ሄዱ።»

ሙዚቃው ሄዶ ሄዶ አለቀ፤ ማጫወቻው ጸጥ ሲል ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ይሰማ ነበር። «ድገማት» አሉ። ደገምናት። ሁለተኛው ጊዜ ያ ቦታ ሲደርስ ዓይኔን ገለጥሁ፤ እውነተኛ ሰሚ ሆኜ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው። መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው የወንድማቸውን ጉልበት ይዘዋል። ጋሽ አስማረ ባዶ ራሳቸውን ደፍተው ያለቅሳሉ። እኔም አለቀስሁ፤ በጥቁር እጄ ስጠርገው ፊቴን ምን እንዳስመሰልሁት ባለቤቴ ናት ማታ የነገረችኝ።

መሪጌታ ሲወጡ በሩ ላይ ቆሙና፣ «ሸጋ ነው» አሉ። «ተቀምጠው ባይሉት ደግሞ ይበልጥ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ ይመጡ ነበር። ጋሽ አስማረ እስከ ጥቅምት ቆዩ፤ ያበጠውን እግር አይቼ እኔ የሰጠኋቸው ዕድሜ ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር፣ ስለዚህ በመድኃኒት አዋቂነቴም ተሳስቻለሁ። ቀብራቸው ላይ መሪጌታ ከካህናቱ ጋር ቆመው ፍትሐቱን አደረሱ። ድምፃቸው አልተሰበረም። አንድ ወጣት ዲያቆን አንዲት ቃል ሲያነሣ ቢሳሳት፣ የወንድማቸው አስከሬን ፊታቸው ተጋድሞ፣ እንደ ልማዳቸው «መልስ» ብለው አረሙት። እኔ ከኋላ ቆሜ ትንሽ ከፋኝ።

ነጮቹን ከነማጫወቻቸው ለእኔ ነው የተዉልኝ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ከሽሮፕ ካርቶኖች ጎን ደረደርኋቸው፤ ሳጥኑንም አመጣሁት። ለመስማት ግን አልደፈርሁም። ለክብራቸው ነው እላለሁ እንጂ እውነቱ፣ ሲዲ መቀየር ሰልችቶኝ፣ ስልኬ ላይ በክፍያ የዓለም ሙዚቃ ሁሉ ያለበትን ነገር አስገብቼ ስለ ነበር ነው።

ከአርባቸው በኋላ፣ አንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ መሪጌታ መድኃኒት ቤቱ ገቡ። ወረፋ ነበር። ለመድኃኒት መስሎኝ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቼ ወንበር አቀረብሁላቸው። አልተቀመጡም።

«ያቺ ነገር አለችህ?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ደስታዬ ወሰን አጣ። ምርጡን ላሰማቸው ብዬ ስልኬን አወጣሁ፤ ያንኑ ሲምፎኒ፣ የታወቀውን፣ ጥርት ያለውን ፈልጌ ሦስተኛውን ክፍል ከፈትሁ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር ተክለው ተደገፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቫዮሊኖቹ ዝቅ አሉ፤ ከበሮው አጉረመረመ፤ መሪጌታ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ጠበቁ። ጥሩምባው በቦታው፣ በሰዓቱ፣ እንከን ሳይኖረው ገባ።

ዓይናቸውን ገለጡ። «ይሄ እሱ አይደለም» አሉ።

አፈርሁ። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ማጫወቻውን ከካርቶኖቹ መሐል አወጣሁና አቧራውን በጋዋኔ ጠረግሁ። ነጯን ሲዲ አገኘኋት፤ ፕላስተሯ ላይ በጋሽ አስማረ እጅ «ዘፍስክ» ይላል። አስገባኋት። ያው ሳል፣ ያው የወንበር መንቋቋት መጣ። መሪጌታ እንደ ቆሙ ናቸው። ቫዮሊኖቹ ዝቅ አሉ፤ ከበሮው አጉረመረመ፤ ጥሩምባው ቀድሞ ገባ።

«አይዞህ» አሉ መሪጌታ።

ከወገራ የመጣ አንድ ደረቱን የሚያመው ገበሬ ከፊታቸው ወረፋ ይዞ ነበር። ለእሱ የተባለ መሰለውና ባርኔጣውን አውልቆ፣ «አሜን አባ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

መሪጌታም አላረሙትም።